የሺክ «ሪል ፒፕል»፦ ዲስኮ በተወገዘ ማግስት የወጣው አልበም ለምን ተረሳ?

የሸክላ_ዘመን፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ የዲስኮ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ከሺክ ባንድ ሁለት ሦስት ታዋቂ ዜማዎች አልፎ አይሄድም። «ለ ፍሪክ» ይወደሳል፣ «ጉድ ታይምስ» ይወደሳል፣ ከዚያ ወዲያ ባንዱ እንደ ተበተነ ተቆጥሮ ወደ ሌላ ይታለፋል። ይሁንና ሺክ ከ«ጉድ ታይምስ» በኋላ እስከ 1983 ድረስ አራት አልበሞችን አሳትሟል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ከአራቱ የመጀመሪያው በ1980 አጋማሽ በአትላንቲክ ሪከርድስ የታተመው «ሪል ፒፕል» ነው፤ ይህን ርእስ የከፈትሁትም ስለ እርሱ እንድንነጋገር ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ በአጭሩ ላስታውስ። ባንዱን የመሠረቱት ጊታሪስቱ ናይል ሮጀርስና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ በርናርድ ኤድዋርድስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ኒውዮርክ ውስጥ የተዋወቁት በ1970 ነው። ከበሮውን ቶኒ ቶምፕሰን ይመታ ነበር፤ በ«ሪል ፒፕል» ዘመን ከፊት የሚቆሙት ድምፃውያት አልፋ አንደርሰንና ሉሲ ማርቲን ነበሩ። ሮጀርስ በወጣትነቱ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል የነበረ ሰው ነው። ሆኖም ባንዱን ሲያቋቁሙ የመረጡት የተቃውሞ ልብስ ሳይሆን፣ ሮጀርስ ለንደን ላይ ከእንግሊዙ ባንድ ከሮክሲ ሙዚክ መድረክ ያየውን ዓይነት የተሟላ አለባበስ፣ ሱፍና ክራቫት ነበር። ግጥሞቹ ላይ ላዩን ስለ ጭፈራ ይናገራሉ፤ ከሥር ግን እያንዳንዱ ዘፈን ሮጀርስ ራሱ «ጥልቅ ድብቅ ትርጉም» ብሎ የሚጠራው ነገር ሊኖረው ግድ ነበር። «ለ ፍሪክ» የተወለደው ዘፋኟ ግሬስ ጆንስ የጋበዘቻቸው ሁለቱ ሰዎች በዲሴምበር 31 ቀን 1977፣ በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ስቱዲዮ 54 ከተባለው የኒውዮርክ ጭፈራ ቤት በር ላይ ተመልሰው በንዴት ቤት በገቡበት ሌሊት ነው። «ጉድ ታይምስ»ም ቢሆን ደስታን እየዘመረ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የአሜሪካ ዘፈኖች ቃላት ይዋሳል። ሰሚው ሲጨፍር ምፀቱን ልብ አይለውም ነበር።

ከዚያ ጁላይ 12 ቀን 1979 መጣ። በቺካጎው ኮሚስኪ ፓርክ ስቲቭ ዳል የተባለ የሬዲዮ አዘጋጅ፣ ለማቃጠል የሚሆን ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ በ98 ሳንቲም ስታዲየም እንዲገባ ተደርጎ፣ በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መካከል የተሰበሰበውን የዲስኮ ሸክላ ሜዳው መሃል በፈንጂ አፈነዳው። ተመልካቹ ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረና ባለሜዳው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። በዚያው ክረምት «ጉድ ታይምስ» አንደኛ የሆነው ለአንድ ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ በተከታዩ ሳምንት ቦታውን የወሰደው የሮክ ባንዱ የዘ ናክ «ማይ ሻሮና» ነው።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ «ሪል ፒፕል» ሺክ እስከዚያ ድረስ ደብቆ ይዞት የነበረውን ነገር አውጥቶ በግልጽ የተናገረበት አልበም ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን በአስመሳዮች መካከል መኖር ስለ ሰለቸው ሰው ይናገራል፤ «ሬብልስ አር ዊ» ደግሞ ዐመፀኞች መሆናቸውን በአዝማች ያውጃል። በዚያ ዓመት «የዲስኮ ባንድ» የሚለው ስም በጀርባው ላይ ለተለጠፈበት ቡድን ይህ ቀላል ምርጫ አልነበረም። የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ የሆነውን ይነግረናል፤ ከቀደሙት የባንዱ አልበሞች «ሴ ሺክ» 4ኛ፣ «ሪስኬ» 5ኛ፣ «ሪል ፒፕል» 30ኛ፣ ቀጥሎ የመጣው «ቴክ ኢት ኦፍ» 124ኛ። ለእናንተ የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፤ የደከመው ሙዚቃው ነው ወይስ በሩ ነው የተዘጋው?


ቅዳሜ_ማታ፦

ስለ ጽሑፉ እናመሰግናለን። እኔ ሺክን የማውቀው በሠርግ ቤት ከሚዘፈኑት በሁለቱ ነው፤ ይህን አልበም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለጀማሪ ከየትኛው ዘፈን መጀመር ይሻላል?


የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ፦

ወንድሜ የሸክላ ዘመን፣ ታሪኩን አሳምረህ ጽፈኸዋል፤ ነገር ግን ጥያቄህ ከወዲሁ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ሙዚቃው አልደከመም ለማለት ከፈለግህ በዚያው ዓመት ሮጀርስና ኤድዋርድስ ሌላ ምን ይሠሩ እንደ ነበር አብረህ ማስቀመጥ ነበረብህ። በ1980 ብቻ የሁለቱን ስም ይዘው የወጡት አልበሞች አራት ናቸው። ለእኅትማማቾቹ ቡድን ለሲስተር ስሌጅ «ላቭ ሰምባዲ ቱዴይ»ን ሠሩ፤ ለፈረንሳይዋ ዘፋኝ ለሺላ «ኪንግ ኦፍ ዘ ወርልድ»ን ሠሩ፣ «ስፔሰር» የተባለው ድንቅ ዘፈን ያለውም በዚያ ውስጥ ነው፤ ለዳያና ሮስ በስሟ የተሰየመውን «ዳያና»ን ሠሩ፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ለራሳቸው «ሪል ፒፕል»ን። ያው ሁለት ደራሲ፣ ያው ከበሮ መቺ፣ ያው ስቱዲዮ። ሰው የቱንም ያህል ባለ ተሰጥኦ ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ዜማ ልክ አለው።

ከቀድሞውም ቢሆን ዘፈኖቹን ለራሳቸው ባንድ የመቆጠብ ልማድ አልነበራቸውም። «ሂ ዝ ዘ ግሬተስት ዳንሰር» በመጀመሪያ ለሺክ ታስቦ የነበረ ሲሆን «አይ ዋንት ዩር ላቭ» ደግሞ ለሲስተር ስሌጅ የታሰበ ነበር፤ ኋላ ተለዋወጡ። ያኔ ልውውጡ ለሁለቱም ወገን በጀ። በ1980 ግን «አይም ካሚንግ አውት» እና «አፕሳይድ ዳውን» ወደ ዳያና ሮስ ሄዱ፤ ለሺክ የቀሩት «ቺፕ ኦፍ ዘ ኦልድ ብሎክ» እና «26» ናቸው። ሁለቱን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አጨዋወቱ እንከን የለውም፣ ዜማው ግን ከጆሮ ወርዶ አይቀመጥም። አንድ ባንድ ምርጥ ምርጡን ለእንግዳ አቅርቦ ራሱ ቁራሹን ሲበላ እንግዳው ቢወፍር ምን ይደንቃል?


ቤዝ_መቺው፦

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ያነሣችው ክርክር ክብደት አለው፤ እኔ ግን መሣሪያ እንደሚጫወት ሰው የምሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ ወደ አጨዋወቱ ጠጋ ብለን እንመልከት።

የሮጀርስ ጊታር አመታት በእንግሊዝኛው «ቸኪንግ» ይባላል። የግራ እጁ ጣቶች ክሮቹን ሙሉ በሙሉ ሳይጫኑ ነክተው ብቻ ይይዟቸዋል፤ ቀኝ እጁ ግን በእያንዳንዱ ምት ውስጥ አራት ጊዜ መውጣት መውረዱን ለአፍታም አያቋርጥም። የግራው እጅ ጫን ባለበት ቅጽበት ኮርዱ ብልጭ ብሎ ይሰማል፤ ላላ ባለበት ጊዜ የታፈነ «ቸክ ቸክ» ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጊታሩ በአንድ ጊዜ ዜማም ምትም ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህን ስልት ያስያዘው ኤድዋርድስ መሆኑን ሮጀርስ ራሱ ደጋግሞ መናገሩ ነው። ሮጀርስ ቀድሞ ሆዱ ክፍት የሆነ የጃዝ ጊታር ነበር የሚጫወተው፤ በጓደኛው ውትወታ ያንን ማያሚ ቢች ላይ በስትራቶካስተር ለወጠው፤ እስከ ዛሬ የሚጫወትበትም በዚያው ጊታር ነው።

ኤድዋርድስ ደግሞ ቤዙን የሚመታው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ፕሌክትረም (የክር መምቻ) እንደ ያዘ ሰው ገጥሞ፣ በሌባ ጣቱ ክሩን ወደ ላይና ወደ ታች እየገረፈ ነበር። ከዚህ የተነሣ የእርሱ ቤዝ አንዳንዴ እንደ ሁለተኛ ጊታር ይሰማል። በ«ጉድ ታይምስ» ላይ ሁላችንም የምናውቀው የቤዝ አካሄድ በቂ ባዶ ቦታ ስላለው ማንም ሊያንጎራጉረው ይችላል። በ«ሪል ፒፕል» ላይ ያ ባዶ ቦታ ጠቧል፤ የቤዙ ኖታ በዝቷል፣ የቶምፕሰን ከበሮም ከብዷል። የቶምፕሰን አመታት ከሌሎቹ የዲስኮ ከበሮ መቺዎች ይልቅ ወደ ሮክ የሚያደላ ነበር፤ በ1985 ላይቭ ኤይድ በተባለው የእርዳታ ኮንሰርት መድረክ ከሮክ ባንዱ ከሌድ ዘፐሊን አባላት ጋር መቀመጡም በከንቱ አልነበረም። ቫዮሊኖቹን ብናይ በሌሎች የዲስኮ ሥራዎች ላይ እንደ መጋረጃ ይዘረጋሉ፤ በሺክ ላይ ግን ባጭር ባጭሩ እየገቡ እንደ መለከት ይመታሉ። በመክፈቻው «ኦፕን አፕ» ይህን አድምጡ፤ እዚያ ላይ ከድምፃውያኑ የበለጠ የሚናገሩት መሣሪያዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ዜማው ከጆሮ አይቀመጥም መባሉን በከፊል እቀበላለሁ፤ ምክንያቱ ግን ቁራሽ ዘፈን መሆኑ አይመስለኝም። ትኩረታቸው ከዜማው ወደ አጨዋወቱ ስለ ዞረ ነው። ለጭፈራ ቤት የተሠራው አልበም «ሪስኬ» ነው፤ ይኸኛው ግን ሙዚቀኞች ለሙዚቀኞች የሠሩት ይመስለኛል፤ በሬዲዮ ይህ ሁልጊዜ ያስከፍላል።


ጋሽ_አድማጭ፦

ልጆቼ፣ በዚያ ዘመን በተማሪነት ዋሽንግተን ነበርሁና አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችሁም «ሪል ፒፕል» ወደቀ ስትሉ የምትጠቅሱት የአንዱን ሰንጠረዥ ቁጥር ነው። ቢልቦርድ ግን በዚያ ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚለካበት የሶል ሰንጠረዥም ነበረው። «ሬብልስ አር ዊ» በዋናው የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ 61ኛ ላይ ሲቀር፣ በሶል ሰንጠረዥ ግን 8ኛ ደርሷል። አልበሙም በዚያው በሶል ሰንጠረዥ 8ኛ ነበር። ስለዚህ «ሰሚው ተወው» የሚለው አነጋገር የቱ ሰሚ እንደሆነ ካልተጠቀሰ ጎዶሎ ነው።

በየቀኑ ሬዲዮ ለምንሰማ ሰዎች ልዩነቱ ግልጽ ነበር። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው ጣቢያ ደብልዩ ኤች ዩ አር አዲሱን የሺክ ዘፈን ያለ ምንም ማቅማማት ያጫውት ነበር፤ እኔም ከዚያው ላይ ቀድቼ በካሴት ወደ አዲስ አበባ ከላክኋቸው ዘፈኖች አንዱ እርሱ ነው። መደወያውን ትንሽ ዞር አድርጎ ወደ ሌሎቹ ጣቢያዎች የሄደ ሰው ግን ሺክ የሚባል ባንድ በዚያ ዓመት ሸክላ ማውጣቱንም ላያውቅ ይችል ነበር። ካንድ ዓመት በፊት ራሳቸውን በኩራት የዲስኮ ጣቢያ ብለው ይጠሩ የነበሩት፣ ያንን ስም ከማስታወቂያቸው ላይ ፍቀው ወደ ሮክ ወይም «አዋቂ ሰዎች ወደሚወዱት ለስላሳ ሙዚቃ» ገብተው ነበር። ዘፈኑ ተሰምቶ አልተጠላም፤ ሳይሰማ ነው የቀረው።


የሸክላ_ዘመን፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ 8ኛና 61ኛ የሚሉት ሁለት ቁጥሮች የእኔን ረጅም ጽሑፍ አሳጥረውታል።

ለእህታችን የምመልሰውም ከዚያው ይነሣል። እስኪ የ1980ን መስከረምና ጥቅምት እንመልከት። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንሥቶ «አፕሳይድ ዳውን» ለአራት ሳምንታት የአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ ደራሲዎቹና አዘጋጆቹ ሮጀርስና ኤድዋርድስ ናቸው፣ የሚሰማው ጊታር፣ ቤዝና ከበሮም የእነዚያው የሺክ ሰዎች ነው። ወዲያው በኦክቶበር የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የኩዊን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» አንደኛ ወጣ። የዚያ ዘፈን ቤዝ የማን ዘመድ እንደሆነ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ የኩዊኑ ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን ቀደም ብሎ በሺክ ስቱዲዮ ጊዜ አሳልፎ ነበር። ኤድዋርድስ ኋላ ለአንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ ሲናገር፣ ኩዊን ከእነርሱ መውሰዱ እንዳላስከፋው፣ ያስከፋው ጋዜጠኞች ሺክ ከኩዊን ሰረቀ ብለው መጻፋቸው እንደሆነ ገልጿል። እንግዲህ በዚያ ወቅት ያ ድምፅ በዳያና ሮስ ስምም በእንግሊዙ የሮክ ባንድ ስምም ቁንጮው ላይ ተቀምጧል፤ በራሱ በባለቤቶቹ ስም የወጣው ግን 61ኛ ነው። ድምፁ ያረጀበት ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አብረው በወደቁ ነበር።


የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ፦

ይህ ብልህ ክርክር ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለበት። በሬዲዮ ያሸነፈው «ዳያና» ሮጀርስና ኤድዋርድስ ሠርተው ያስረከቡት «ዳያና» አይደለም። የዳያና ሮስ አሳታሚ የሆነው ሞታውን ኩባንያ ቴፑን ከተቀበለ በኋላ፣ የዳያና ሮስ ድምፅ በመሣሪያዎቹ መካከል ተውጧል፣ ሥራውም ከመጠን በላይ የሺክ ሆኗል በሚል፣ የራሱ ባለሙያ ረስ ቴራና ሁሉንም እንደ ገና እንዲያዋሕደው፣ ማለትም የድምፃዊቷንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ መጠን እንደ ገና እንዲያስተካክል፣ አደረገ። ይህ የተደረገው የሁለቱ አዘጋጆች ፈቃድ ሳይጠየቅ ነበር፤ እነርሱም ክፉኛ ተቀይመዋል። ድምፃዊቷ ወደ ፊት ወጣች፣ የመሣሪያ ብቻ የሆኑ ረጃጅም ቦታዎች ተቆረጡ፣ አንዳንዱም ዘፈን ፈጠን ተደረገ። በ2003 አልበሙ ተስፋፍቶ እንደ ገና ሲታተም የመጀመሪያው የሺክ ውሕደት አብሮ ስለ ወጣ፣ ማንም ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይችላል።

እኔ አወዳድሬአለሁ። የመጀመሪያውን ውሕደት እንደ ሙዚቃ እወደዋለሁ፤ የሞታውኑ ግን ዘፈኑ ምን እንደሚል በመጀመሪያው አዝማች ላይ ያስይዝሃል። ስለዚህ «ያው ድምፅ በሌላ ስም አሸነፈ» ማለት ትክክል የሚሆነው በከፊል ነው፤ ያሸነፈው ድምፅ በሌላ እጅ ተስተካክሏል። «ሪል ፒፕል»ን እንዲህ ያለ ጨካኝ የውጭ ሰው አላየውም። ሁለቱ አዘጋጆች የራሳቸውን ባንድ ሲሠሩ «ይህን ቁረጡ፣ ይህችን ልጅ ወደ ፊት አውጧት» የሚላቸው አልነበረም። ቤዝ መቺው «ሙዚቀኞች ለሙዚቀኞች የሠሩት» ሲል ያደነቀውን ነገር እኔ እንደ ጉድለቱ እቆጥረዋለሁ። አልፋ አንደርሰንና ሉሲ ማርቲን በእኩል ድምፅ፣ አንዷ ከሌላዋ ሳትለይ፣ ረጋ ብለው እንዲዘፍኑ መደረጋቸው በ«አይ ዋንት ዩር ላቭ» ላይ ልብ ይነካል፤ ስለ ዐመፅ በሚዘፈንበት ጊዜ ግን ያ እርጋታ ከግጥሙ ጋር ይጣላል። ዐመፀኛ ነኝ የሚል ሰው ትንሽ እንኳ ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት።


ጋሽ_አድማጭ፦

የልጄ አስተያየት የበሰለ ነው። ይሁንና እርጋታው ከግጥሙ ጋር ይጣላል ባልሽው ላይ ሌላ አስተያየት አለኝ። እነዚህ ሰዎች ጥቁሮች ነበሩ፤ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ የዲስኮ ሸክላ ሲያወድም የሆነው በእነርሱ ዘመን ነው። በዚያ ቀን በኮሚስኪ ፓርክ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረውና በኋላ ከዲስኮ በኋላ የመጣው «ሀውስ» የተባለ የጭፈራ ሙዚቃ የቺካጎ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ቪንስ ሎረንስ፣ ሰዉ ይዞት ከመጣው ሸክላ መካከል ጨርሶ ዲስኮ ያልሆነ፣ የጥቁር ዘፋኞች ሥራ በመሆኑ ብቻ የመጣ ብዙ እንደ ነበር ተናግሯል። ግብረ ሰዶማውያን፣ ጥቁሮችና ላቲኖች የገነቡት የጭፈራ ቤት ባህል የጥላቻው አንዱ ዒላማ እንደ ነበረም ዛሬ ብዙዎች ጽፈውታል። በዚህ መካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ መጮህ እንደ ስድብ በተቆጠረ ነበር። ሱፉን ሳያወልቁ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ዐመፀኞች ነን» ማለታቸው ለእኔ ትርጉም የሚሰጠው ለዚህ ነው።


የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ፦

ጋሼ፣ ምክንያትዎን ተረድቻለሁ፤ በጽሑፍ ሳነበው ያሳምነኛል። ዘፈኑን ስከፍተው ግን አሁንም አዝማቹ የልጆች የሰልፍ መዝሙር ይመስለኛል። በዚህ ላይ እንለያይ።


ቤዝ_መቺው፦

ከክርክሩ ሳልወጣ፣ ከ«ሪል ፒፕል» በኋላ የሆነውን ብናይ አልበሙ የት እንደሚመደብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከባዱ ከበሮ፣ ወደ ሮክ ያዘነበለው ጊታር፣ የተጨናነቀው ቤዝ፤ እነዚህ በ1980 ከአንድ የዲስኮ ባንድ ሲመጡ ቦታ አላገኙም። በ1981 ሁለቱ ሰዎች ለብሎንዲ ባንድ ድምፃዊት ለዴቢ ሃሪ «ኩኩ»ን ሠሩ፤ እርሱም የተጠበቀውን ያህል አልሄደም። በ1983 ግን ሮጀርስ ከዴቪድ ቦዊ ጋር «ሌትስ ዳንስ»ን ሠራ። የተቀዳው የሺክ ሥራዎችም በተቀዱበት በፓወር ስቴሽን ስቱዲዮ ነው፤ ማንሃታን 53ኛ ጎዳና ላይ፣ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ። ቶምፕሰን በከበሮ አለበት፣ ኤድዋርድስም በአንድ ዘፈን ላይ ቤዝ ተጫውቷል። ከዚያ በ1984 የስቱዲዮውን ስም የወሰደው ፓወር ስቴሽን የተባለ ባንድ ተቋቋመ፤ ድምፃዊው ሮበርት ፓልመር፣ ጊታሩና ቤዙ የዱራን ዱራን ባንድ አባላት አንዲ ቴይለርና ጆን ቴይለር፣ ከበሮው ቶኒ ቶምፕሰን፣ አዘጋጁ በርናርድ ኤድዋርድስ። ያንን አልበም ከፍታችሁ ከበሮውን ብቻ ስሙ፤ ቀጥሎ «ሪል ፒፕል»ን ክፈቱ። አባትና ልጅ ናቸው።

ስለዚህ የሸክላ ዘመን «በሩ ነው የተዘጋው» ሲል እደግፈዋለሁ፤ የምጨምርበት ግን በሩ ለድምፁ አለመዘጋቱን ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ያ ድምፅ በየሬዲዮው ነበር። የተዘጋው ሺክ የሚል ስም በላዩ ላይ በተጻፈበት ሸክላ ላይ ነው።


ቅዳሜ_ማታ፦

ክርክሩን እየተከታተልሁ ነው፤ ጥያቄዬ ግን ተረሳ መሰለኝ። ደግሞስ ይህን አልበም በሲዲ ሣጥን ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ በ2018 የወጣውን ትልቁን የሺክ ስብስብ ስመለከት የለም።


የሸክላ_ዘመን፦

ይቅርታ ወንድሜ፣ ሳንመልስልህ ቀረን። ያ ስብስብ ከ1977 እስከ 1979 ያለውን ብቻ ስለሚይዝ «ሪል ፒፕል» ለጥቂት ከበሩ ውጪ ቀርቷል። አዘጋጆቹ ወርቃማውን ዘመን 1979 ላይ መዝጋታቸው የተለመደ አስተሳሰብ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም እርሱ ነው።

አልበሙ ስምንት ዘፈኖች አሉት። በሸክላው አንደኛ ፊት ላይ «ኦፕን አፕ»፣ «ሪል ፒፕል»፣ «አይ ላቭድ ዩ ሞር» እና «አይ ጋት ፕሮቴክሽን» ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ፊት «ሬብልስ አር ዊ»፣ «ቺፕ ኦፍ ዘ ኦልድ ብሎክ»፣ «26» እና «ዩ ካንት ዱ ኢት አሎን»። ከመጠሪያው ዘፈን ጀምር፤ ቀጥለህ «አይ ጋት ፕሮቴክሽን»ን ስማ፤ «ኦፕን አፕ» ግን ቤዝ መቺው የጻፈውን አንብበህ ብትሰማው ይጠቅምሃል። የክርክራችንን ፍሬ በራስህ ጆሮ መፍረድ ካሻህ ደግሞ የ2003ቱን የ«ዳያና» እትም አግኝና የመጀመሪያውን የሺክ ውሕደት ከ«ሪል ፒፕል» ጋር አከታትለህ ስማ። ሁለቱ በአንድ ወቅት በአንድ እጅ የተሠሩ መሆናቸው በግልጽ ይሰማል።

ሸክላውን በቀጥታ መግዛት ለምትፈልጉም፣ በአሮጌ ሸክላ ሻጮች ዘንድ ብዙ ጊዜ ከ«ሪስኬ» በረከሰ ዋጋ ይገኛል። ስትገዙ ሁለተኛውን ፊት በብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ተመልከቱ፤ በእኔ እጅ ባለው ላይ የተፋቀው «ሬብልስ አር ዊ» ያለበት የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። የቀድሞው ባለቤት ምን ይሰማ እንደ ነበር ያስታውቃል።


የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ፦

በእኔ ላይ ደግሞ የተፋቀው «አይ ላቭድ ዩ ሞር» ነው። ቅዳሜ ማታ፣ እርሱንም እንዳትዘለው፤ በዚህ አልበም ላይ ድምፃውያቱ ከመሣሪያው ፊት የቆሙበት ዘፈን ቢኖር እርሱ ነው።